ምርጥ የበረራ መኮንን ምን ዓይነት ሰው ነው? (ጥያቄ ከደሴ)

የአዝዋ ሥር (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአየር ኃይል የበረራ መኮንን መሆን። ቤታችን በዚህ ጉዳይ መነጋገር ከጀመረ ሰንብቷል፤ እስካሁን አልተስማማንም። አባቴ «ልበ ሙሉ ከሆነ ሌላውን ያስተምሩታል» ይላሉ። እህቴ ስለ አደጋው እንጂ ስለ ሙያው መስማት አትፈልግም። እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ልጁ ጎበዝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ጎበዝ መኮንን እንደማይወጣው እገምታለሁ።

የመመዝገቢያ መስፈርት አልጠየቅሁም፤ እሱ በማስታወቂያ ይወጣል። የምጠይቀው ሥራውን በቅርብ ያያችሁትን ሰዎች ነው። አንዱን መኮንን ባልደረቦቹ «ከእሱ ጋር መድቡኝ» የሚሉት፣ ሌላውን ግን የማይሉት ምን ስላለውና ምን ስለጎደለው ነው? ልጁ ራሱ ያነባልና እንደ ትልቅ ሰው ንገሩት።

ወረኢሉ

ወንድሜ፣ አባትህ ልክ ናቸው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ላይ የሆነውን አስታውስ። የሶማሊያ ሚግ 21 አውሮፕላኖች ብዙ ነበሩ፤ የእኛዎቹ ኤፍ 5 ጥቂት ነበሩ። ሰማዩን የያዙት ግን የእኛ ልጆች ናቸው። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በአየር ላይ ውጊያ የጠላትን አውሮፕላን ጣሉ፤ በኋላ የእሳቸውም ተመትቶ ተማረኩና 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ኖረው በ1980 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። የኅብረተሰባዊት ኢትዮጵያ ጀግና ተብለው ተሸልመዋል። ይህን ያለ ድፍረት በምን ታደርገዋለህ? ለልጁ የምለው ልብህን አጠንክር ነው። ሌላው ትምህርት ነው፤ ትምህርት ደግሞ ይገኛል።

ጡረተኛው ናቪጌተር (ኮምቦልቻ)

ወረኢሉ ወንድሜ፣ የጄኔራል ለገሠ ስም ሲነሣ እኔም ከመቀመጫዬ እነሣለሁ። ድፍረትን ከፊት ማስቀመጥህን ግን አልቀበልም። ደፋር ያልሆነ ሰው መጀመሪያውኑ እዚያ በር ላይ አይደርስም። በሩን ያለፈ ሁሉ ደፋር ከሆነ፣ ድፍረት አንዱን ከሌላው ሊለየው አይችልም። ኤፍ 5 ያበረሩት ሰዎች ሚጉን ያሸነፉትም ብዙ ሰዓት ሠልጥነው፣ አውሮፕላናቸው በየትኛው ፍጥነትና በየትኛው ከፍታ እንደሚበልጥ አውቀው፣ ከዚያ ውጪ ባለመዋጋታቸው ነው።

እኔ ያረጀሁት በአንቶኖቭ 12 የጭነት አውሮፕላን፣ በናቪጌተር (የበረራ አቅጣጫ አስሊ) ወንበር ላይ ነው። ወንበሩ ከአብራሪዎቹ በታች፣ በአውሮፕላኑ አፍንጫ መስታወት ውስጥ ነው፤ ተራራ ቢመጣ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ አንተ ነው። ስለዚህ በማውቀው መንገድ ላስረዳ።

ከቢሾፍቱ እስከ ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር ወደ 270 ኪሎ ሜትር ነው። በሙያው የቆየ አንድ ቀላል ሕግ አለ፤ አቅጣጫህን በአንድ ዲግሪ ከሳትክ በየ60 ኪሎ ሜትሩ አንድ ኪሎ ሜትር ከመስመርህ ትወጣለህ። ሁለት ዲግሪ ከሳትክ፣ ኮምቦልቻ ደርሻለሁ ስትል 9 ኪሎ ሜትር ርቀሃል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በአፋር ሜዳ ላይ ብዙ አያስጨንቅም። እዚህ ግን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ማለት የቦርከናን ሸለቆ ትተህ ወደ ዮጎፍና ወደ ደሴ ተራሮች መግባት ነው። ክረምት ከሆነ ተራራው ዳመና ለብሷል፤ አታየውም።

ሒሳቡን ማንም ይማረዋል። ሰው ከሰው የሚለየው ከሒሳቡ ቀጥሎ ባለችው ደቂቃ ነው። ነፋሱ ከተነገረህ የተለየ እንደሆነ ትጠረጥራለህ፤ ግን እርግጠኛ አይደለህም። አብራሪው በማዕረግ ይበልጥሃል። ቁልቁል ለመውረድ ተዘጋጅቷል። ያን ጊዜ «ያለንበትን ቦታ አላመንኩትም፤ አንውረድ፤ ላጣራ» ብሎ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ነው ምርጡ። መካከለኛው መኮንን ያንኑ ጥርጣሬ ይዞ «ምናልባት ልክ ይሆናል» እያለ ይቆያል። ሁለቱም ያወቁት እኩል ነው። አንዱ በሰዓቱ ተናገረ፤ ሌላው አልተናገረም።

ሁለተኛ ነገር ልጨምር፤ ይህኛው ለሂሳብ መምህሩ ይመቸዋል። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,860 ሜትር ነው። በዚህ ከፍታ የአቪዬሽን ሠንጠረዥ መደበኛ የሚለው ሙቀት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 27 ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ ወደ 36 ሜትር ደምር፤ አውሮፕላኑ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚነሣው። አየሩ ስስ ነው። ክንፉ ያነሰ ያነሣል፣ ሞተሩ ያነሰ ይገፋል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል። የጭነቱ ወረቀት የተጻፈው ማለዳ በብርድ ነው፤ ሞተር የሚነሣው ግን በቀትር ነው።

አንድ ካፒቴን አውቅ ነበር። ጭነት ተጭኖ፣ የሚያስቸኩሉ ባለሥልጣን አጠገቡ ቆመው «ሰው እየጠበቀ ነው» እያሉት፣ ሠንጠረዡን አሳያቸውና «ወይ ሁለት ቶን ይውረድ፣ ወይ ፀሐይ ታዘቅዝቅ» አላቸው። ድምፁን አልጨመረም፤ ሐሳቡንም አልቀየረም። ጭነቱ ወረደ። ከዚያ ቀን በኋላ ከእሱ ጋር እንድመደብ እኔ ራሴ እጠይቅ ነበር። ጥያቄህ እሱ ነበርና መልሴ ይኸው ነው።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እኔም እንደ ልጁ ሐሳብ ስላለኝ ነው። መሪውን የማይዘው መኮንን እንደ ሁለተኛ ሰው አይታይም?

ጡረተኛው ናቪጌተር (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ በአሜሪካ ባሕር ኃይል «የበረራ መኮንን» ተብሎ በስም የሚጠራው ሰው ጭራሽ አብራሪ አይደለም። ራዳሩን፣ መሣሪያውን፣ አቅጣጫውንና ግንኙነቱን የያዘ ነው። ይህ ሰው የተልእኮው አዛዥ ሊሆን ይችላል፤ እስከ ስኳድሮን አዛዥነትም ይደርሳል። ባለ ሁለት መቀመጫ ተዋጊ አውሮፕላን ውስጥ የኋላው ሰው ፊተኛው የማያየውን ያያል። ሁለተኛ ሰው የሚሆነው ራሱን እንደ ተሳፋሪ የቆጠረ ብቻ ነው። አንቺ የሚቀናሽ የቱ እንደሆነ ሥልጠናው ያሳይሻል፤ አብሽሪ።

ሐኪም ነኝ (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የአካሉን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ስለሚረዳው።

የእኛ ልጆች «ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ 2,500 ሜትር ላይ ነው፤ ከፍታ አያስቸግረኝም» ሲሉ እሰማለሁ። ደጋ ላይ ማደግ ጦሳ ተራራን ለመውጣት ይረዳል። በ25,000 ጫማ ላይ ግን፣ ማለትም ወደ 7,600 ሜትር ገደማ፣ ኦክስጅን የተቋረጠበት ሰው በትክክል አስቦ መሥራት የሚችለው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። በ35,000 ጫማ ላይ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። የደሴ ልጅነት ከዚህ አያድንም።

የሚያስፈራው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ኦክስጅን ሲያንስ ሰው ይታፈናል ብለን እናስባለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ደስ ይለዋል። ሁሉ ነገር መልካም ይመስለዋል። ስለዚህ ሠልጣኞችን አየሩ በሚቀነስበት ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብተው ጭምብላቸውን ያስወልቋቸውና ቀላል መደመርና መቀነስ ያሠሯቸዋል። ጽሑፉ እየተንጋደደ ሲሄድ ሠልጣኙ ራሱ አያውቀውም። የሥልጠናው ዓላማ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት እንዲያውቅ ነው፤ አንዱን ጣቱን ይነዝረዋል፣ ሌላውን ፊቱን ይሞቀዋል፣ ሌላው ቀለም ይደበዝዝበታል። ምልክቱን ያወቀ ሰው ገና ሲጀምረው ጭምብሉን ያጠብቃል።

ጆሮም እንዲሁ ነው። ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ፣ አንድ ወጥ የሆነ ዙር ከ20 ሰከንድ ገደማ በላይ ከቀጠለ መዞራችንን መናገር ያቆማል። ዳመና ውስጥ ያለ ሰው እየዞረ ሳለ ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ነው ይላል። ሲያቃናው ደግሞ ወደ ሌላው ወገን የተጋደመ ይመስለዋል፤ መልሶ ያጋድመዋል። መሣሪያው አንድ ነገር ይላል፣ መላ አካሉ ሌላ ይላል። በዚያች ደቂቃ የገዛ አካሉን «አላምንህም» ብሎ ለመሣሪያው የሚታዘዝ ሰው ይተርፋል። ይህ በተፈጥሮ የሚመጣ አይደለም፤ በልምምድ ነው።

ስለ ተዋጊ አውሮፕላን ደግሞ፤ በአምስት እጥፍ የመሬት ስበት ዙር ላይ 70 ኪሎ የሆነ ሰው 350 ኪሎ ይሆናል። ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ዓይኑ ዳር ዳሩን መጨለም ይጀምራል፣ ቀጥሎ ራሱን ይስታል። ለዚህ እግርና ሆድን አጥብቆ አተነፋፈስን መቆጣጠር ይማራሉ፤ የሚያጠብቅ ልብስም አላቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ጋሼ ያሉትን በእኔም በኩል አየዋለሁ። ከባዱ በሽተኛ በሽታውን የሚደብቅ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ከከፍታ ሲወርድ ጆሮውና ግንባሩ በግፊት ሊቀደድ የደረሰ ያህል ያመዋል፤ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆኖ ማሳረፍ ይጠበቅበታል። ምርጡ መኮንን ለበረራ ሐኪሙ ሄዶ «ዛሬ አልተኛሁም»፣ «ዛሬ አፍንጫዬ ተዘግቷል» ይላል። ሌላው ከበረራ እንዳይታገድ ብሎ ዝም ይላል።

መነጽር አለኝ (ወልድያ)

መነጽር የሚያደርግ ሰው ተስፋ አለው ወይ?

ሐኪም ነኝ (ደሴ)

መስፈርቱ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል፤ ለአብራሪና ለሌላው የበረራ ሠራተኛ አንድ ላይሆን ይችላል። ከማመልከትህ በፊት ዓይንህን በደንብ ተመርመር፤ ቀለም መለየትህን ጭምር።

የምድር ሰው (ሐርቡ)

እኔ የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ነበርኩ፤ እጄ በቅባት ያረጀ ሰው ነኝ። እስካሁን የተናገራችሁት ሁሉ አየር ላይ ነው። እኔ መኮንንን የማውቀው ምድር ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ አይደበቅም።

ከበረራ ሲመለስ የብልሽት መዝገቡ ላይ የሚጽፈውን ተመልከቱ። አንዱ «ሁሉም ደኅና» ብሎ ፈርሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌላው «በቀኝ ዙር ላይ፣ በዚህ ፍጥነት፣ ከቀኝ በኩል አጭር ንዝረት ተሰማኝ፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ አገኘሁት» ብሎ ይጽፋል። ከዚህኛው ጋር ሌሊቱን ሙሉ ብንሠራ አይከፋንም፤ ምን እንደምንፈልግ እናውቃለን። «ሁሉም ደኅና» የተጻፈበትን አውሮፕላን ነገ ሌላ ልጅ ይዞት ይነሣል።

የማመሳከሪያ ዝርዝሩንም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ ቦይንግ አዲስ ግዙፍ ቦምብ ጣይ ለጦሩ ለማሳየት አስነሣ። በጣም የተመሰከረላቸው አብራሪዎች ነበሩበት። ተነሣ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አቀና፣ ወደቀ። ብልሽት አልነበረበትም፤ ምድር ላይ ሲቆም ነፋስ መሪዎቹን እንዳይመታቸው የሚቆልፈው ቁልፍ ሳይፈታ ቀርቶ ነው። ያ አውሮፕላን በኋላ ቢ 17 የተባለው ነው። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት በጽሑፍ የተዘረዘረውን እያነበቡ ማረጋገጥ ጀመሩ። ስለዚህ አንድ ወጣት «ሸምድጄዋለሁ፣ ማንበብ አያስፈልገኝም» ሲል ከሰማሁ ገና ብዙ ይቀረዋል እላለሁ። ያ የሙከራ አብራሪም ሸምድዶት ነበር።

አንድ ጨምሬ ላብቃ። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ጃምቦ አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። ሲቪል ነው፤ ነገር ግን የጦሩም ትምህርት ቤቶች ይማሩበታል። የሆላንዱ አውሮፕላን መንደርደር ሲጀምር የበረራ መሐንዲሱ «ያኛው ገና አልወጣም ይሆን?» የሚል ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ካፒቴኑ ወጥቷል አለ። ካፒቴኑ የድርጅቱ ስመ ጥር አሠልጣኝ ነበር። መሐንዲሱ ደግሞ ዝም አለ። ሐቁ በዚያች ክፍል ውስጥ ነበር፤ የያዘው ሰው ግን በጥያቄ መልክ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረው።

እናት (መርሳ)

እኔ ስለ አውሮፕላን አላውቅም። የምድር ሰው የጻፉትን ሳነብ ግን ስለ ልጆቻችን ማሰብ ጀመርኩ። እኛ ልጅ የምናሳድገው «ታላቅ ሲናገር አታቋርጥ» እያልን ነው። ጥሩ አስተዳደግ ነው፤ አልጥለውም። ግን ያ ልጅ አድጎ ከኮሎኔል አጠገብ ሲቀመጥ፣ ኮሎኔሉ ሲሳሳት ምን ይሆናል? ዝም ካለ ሁለቱም ይሞታሉ። ተናገር ብንለው ደግሞ ባለጌ ይባላል። ይህን እንዴት ነው የምታስታርቁት?

ጡረተኛው ናቪጌተር (ኮምቦልቻ)

እታለም፣ ከሁላችንም የተሻለውን ጥያቄ ጠየቅሽ። በአክብሮት መናገርና አለመናገር የተለያዩ ናቸው። ዘዴው አስተያየትን ትቶ ቁጥርን መናገር ነው። «ጌታዬ፣ ተሳስተዋል» ማለት ክርክር ይከፍታል። «ጌታዬ፣ ከፍታችን 3,100 ነው፤ ከፊታችን ያለው ተራራ 3,400 ነው» ማለት ግን ማንንም አያዋርድም። መልስ ካጣህ ስሙንና ማዕረጉን ጠርተህ ትደግመዋለህ። ሦስተኛው «አሁን ወደ ግራ ይዙሩ» ነው። ይህ በሥልጠና የሚሰጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የበረራ ሠራተኞችን አብሮ መሥራት የሚያስተምር ትምህርት የተዘጋጀው በእንዲህ ያሉ አደጋዎች ምክንያት ነው።

የአለቃው ድርሻ ግን ይበልጣል። ከበረራ በፊት «ያልጣማችሁን ነገር ካያችሁ ንገሩኝ፤ ካልነገራችሁኝ ነው የምቆጣው» የሚል አዛዥ ካለ፣ ትንሹም ልጅ ይናገራል። ከበረራ በኋላ በሚደረገው ግምገማ ላይ አዛዡ የራሱን ጉድለት አስቀድሞ ከዘረዘረ ሌላው ለመደበቅ ምክንያት ያጣል። ባለ ብዙ ኮከብ ሰው ከመቶ አለቃ አስተያየት ተቀብሎ ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ ካየህ፣ ያ ክፍል ጤናማ ነው።

ከደጋው

እኔ በ1977 ዓ.ም. ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ስለ ረሃቡ አላወራም፤ የወሎ ሰው ያውቀዋል። ስለ አውሮፕላኖቹ ግን ላውራ፤ ስለ ጥሩ የበረራ መኮንን ከተነሣ እነሱን ሳላነሣ አልፍም።

መኪና የማይደርስበት ደጋ ላይ እህል ከአየር ይጣል ነበር። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል ይበሩ ነበር። የሶቪየት አንቶኖቮችና ሄሊኮፕተሮችም ነበሩ፤ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም ነበሩ። በዚያ ዘመን እነዚህ አገሮች እርስ በርስ ሚሳይል ደግነው ይተያዩ ነበር። እዚህ ግን የፖላንድ ሄሊኮፕተር ቀድሞ መሬቱን የሚያሰናዱትን ሰዎች ያደርሳል፣ የእንግሊዙ ከኋላ መጥቶ ይጥላል።

የሚጥሉት ከ15 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው፤ ያለ ፓራሹት። ከዚያ ከፍ ቢሉ ጆንያው ይፈነዳል፤ ዝቅ ቢሉ መሬቱ ይወስዳቸዋል። ጆንያውም እንዳይበተን ተደራርቦ ነው የሚታሰረው። ያ ትልቅ አውሮፕላን ከገደል አፋፍ ላይ ብቅ ሲል ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባ ነበር። ያደግሁ ጊዜ ከጋሼ ዓይነት ሰዎች ጠይቄ ነው ችግሩ የገባኝ፤ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ፣ በስስ አየር፣ ተጭኖ፣ በዝግታ፣ ዝቅ ብሎ መብረር። ሞተር ቢደክም የሚተርፍ ከፍታ የለም። ሰው ወይም ከብት ሜዳው ላይ ከገባ ሳይጥሉ ያልፉ ነበር፤ ተመልሰው ይዞራሉ። ሕዝቡ ርቦታል፣ እህሉ በራቸው ላይ ነው፣ እነሱ ግን አይጥሉም። ያን ጊዜ ክፋት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያ የበለጠ ሰውን ማክበር የለም።

ከእነሱ በፊትም የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1966ቱ ድርቅ ጊዜ በትናንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር ጆንያ እያንጠለጠሉ መጣልን ጀምረው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ያደራጁትም እሳቸው ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት ሞቱ።

የታሪክ መምህር (ወልድያ)

ከደጋው ወንድሜ፣ ሰማዩ ለወሎ ያመጣውን ሌላውንም ነገር ማንሣት አለብን፤ መኮንን ለመሆን የሚያስብ ልጅ ሁለቱንም ይወቅ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው ሆስፒታልም ተመታ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ ቆረም አጠገብ የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የሕክምና ካምፕ ተደበደበ። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ከዚያ የተመለሰውን ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ጨረሱት። እነዚያ አብራሪዎች ደፋሮች አልነበሩም የሚል የለም። አቅጣጫቸውን አልሳቱም፣ ሒሳባቸውም ልክ ነበር። ከሰማይ ሆኖ ምልክት የሚያነብ ዓይን ነበራቸው፤ መስቀሉን እያዩ ጣሉ።

ስለዚህ ጥሩ የበረራ መኮንን ስንል ይህን የሚለይ ሰው ማለታችን ካልሆነ ጥሩ አልሞ መቺ ብቻ ማለታችን ነው። ሕጉም ይህንኑ ይላል። በጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንድ አንቀጽ 57 መሠረት ጥቃት የሚያቅድና የሚፈጽም ሰው ዒላማው ወታደራዊ መሆኑን ማጣራት አለበት፤ እንዳልሆነ ከታወቀ ጥቃቱ መሰረዝ ወይም መቆም አለበት።

ወረኢሉ

መምህር፣ ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው። ነገር ግን ወታደር ትእዛዝ ይቀበላል። እያንዳንዱ መቶ አለቃ አየር ላይ ሆኖ ሕግ መመርመር ከጀመረ ጦር የለም።

ጡረተኛው ናቪጌተር (ኮምቦልቻ)

ወረኢሉ፣ ለዚህ ነው ምርመራው ምድር ላይ የሚጀመረው። ዒላማው ምንድን ነው፣ ማን አየው፣ መቼ አየው፣ ዛሬ የገበያ ቀን ነው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በመግለጫ ክፍሉ ውስጥ ሲጠየቁ እምቢተኝነት አይደሉም፤ የዝግጅት ክፍል ናቸው። ጥሩ አዛዥ ካልተጠየቀ ይጨነቃል። አየር ላይ ደርሶ የተነገረውና የሚታየው ካልተገጣጠመ «ዒላማው አልተለየም፤ እመለሳለሁ» ብሎ በሬዲዮ ማሳወቅ የተልእኮው አካል ነው። ቦምቡን ይዞ መመለስ ይቻላል። የተጣለውን ግን ማንም አይመልሰውም።

አወያይ

ሁለት አስተያየቶች አሁን ስላለው ፖለቲካ ስለነበሩ አንሥቻለሁ። ክሩ በጥያቄው ላይ ይቀጥል።

ወረኢሉ

ጋሼ፣ ይህን ከተቀበልኩ የመጀመሪያውን ሐሳቤን ላስተካክል። «ልብህን አጠንክር» ያልኩት ይቆይ፤ አዛዥ ፊት ቆሞ «እመለሳለሁ» ለማለትም ልብ ይፈልጋል። የምለው ይህንኑ ድፍረት ነው።

ጡረተኛው ናቪጌተር (ኮምቦልቻ)

በዚህ ተስማማን።

ልጁ ራሱ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። በአጎቴ ስልክ ነው የምጽፈው። ሁላችሁንም አነበብኩ። አያቴም አነበብኩላቸው፤ የጄኔራል ለገሠ ስም ሲነሣ በጣም ደስ አላቸው። እናቴ ስለ ሐኪሙ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ጋሼ፣ ሥልጠና ከመግባቴ በፊት እዚህ ሆኜ ምን መለማመድ እችላለሁ?

ጡረተኛው ናቪጌተር (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ አብሽር። ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ፤ የሬዲዮው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ውጪ ሁለት ልማድ ልስጥህ። አንደኛው፣ ደክሞህ ሳለ በቃልህ ማስላት። ወደ ጦሳ ሩጥና ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ርቀትን ለፍጥነት አካፍል። ቁጭ ብሎ የሚችለውን ሰው ሁሉ ይችለዋል። ሁለተኛው፣ ማታ ማታ ከጓደኞችህ ጋር ስታጠና የተሳሳትከውን አንተው ቀድመህ ተናገር። ካልተለመደ በኋላ ይከብዳል።

አሁን ፈተና። አውሮፕላንህ በሰዓት 540 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ በሰዓት 2,000 ኪሎ ነዳጅ ይበላል። ከቢሾፍቱ ወደ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር። ከፊትህ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አለ። ምን ያህል ነዳጅ ትጠይቃለህ? ለመነሣትና ለመውጣት የሚያስፈልገውን ለጊዜው ተወው።

ልጁ ራሱ (ደሴ)

ነፋሱ ሲቀነስ 450። 270 ለ450 ሲካፈል 36 ደቂቃ። ነዳጁ 1,200 ኪሎ። ለመጠባበቂያ የ30 ደቂቃ 1,000 እጨምራለሁ። በጠቅላላ 2,200 ኪሎ።

ጡረተኛው ናቪጌተር (ኮምቦልቻ)

ሒሳቡ ልክ ነው። ኮምቦልቻ ስትደርስ ግን የቦርከና ሸለቆ በጉም ተዘግቷል። ወዴት ትሄዳለህ?

ልጁ ራሱ (ደሴ)

ወደ ቢሾፍቱ ብመለስ ነፋሱ ከኋላዬ ስለሚሆን በሰዓት 630፤ ወደ 26 ደቂቃ፣ 860 ኪሎ ገደማ። ግን ጉሙ ሰፊ ከሆነ እዚያም ሊደርስ ይችላል። ላሊበላ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅርብ ነው፣ ሆኖም እሱም ደጋ ነው። ሠመራን እመርጣለሁ። ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቆላ ስለሆነ ጉሙ አይከተለኝም። ነፋሱን ሳልቆጥር 18 ደቂቃ፣ 600 ኪሎ። የምጠይቀው 2,800 ኪሎ ነው። ጋሼ እንዳሉት ሙቀቱንም አሰብኩ፤ ሠመራ 430 ሜትር ገደማ ነው፣ መደበኛው 12 ዲግሪ፣ ቀትር ላይ 40 ቢሆን ልዩነቱ 28። በ36 ሳባዛው 1,008። ድምሩ ወደ 1,440 ሜትር። ያን ያህል ሞቆ እንኳን ከኮምቦልቻ ቀትር ይሻላል፤ ጭነቱን ይዤ መነሣት እችላለሁ ማለት ነው።

ጡረተኛው ናቪጌተር (ኮምቦልቻ)

ሠመራን የመረጥክበት ምክንያት ትክክል ነው። መነሣት እችላለሁ ለማለት ግን ገና ነህ፤ የማኮብኮቢያውን ርዝመት አልነገርከኝም፣ የሠመራን የዕለቱን አየርም ሳትጠይቅ ነው የወሰንከው። ከሠመራ ተነሥተህ ወደ ኮምቦልቻ ስትመለስ ደግሞ ከቆላው ወደ ገደሉ አፋፍ ወደ ላይ መውጣት አለብህ፤ በስንት ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት ሜትር መውጣት እንዳለብህ ከካርታ ላይ ለክተህ አምጣ። አጎትህ ካርታ አለው?

የአዝዋ ሥር (ደሴ)

ትምህርት ቤት አለ። ነገ ይዤለት እመጣለሁ።